ባለፈው ሳምንት ማን አነበበልዎት?



ዛሬ ጳጉሜን 3 ነው። ቀኑ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በዩኔስኮ ውሳኔ የመሠረተ ትምህርት ቀን ተብሎ በዓለም ዙሪያ ይከበራል። አዘጋጆቹ ደሴ ድረስ ሲጋብዙኝ የሰጡኝ ርእስ «የጎልማሶች ትምህርት ለአገር ልማት ያለው ፋይዳ» የሚል ነበር። ርእሱ ክፉ አይደለም። ግን ፋይዳውን እናንተም እኔም ከማስታወቂያውም ከሪፖርቱም ጠግበነዋል፤ ከኋላዬ የተሰቀለው ጨርቅም ይናገረዋል። ስለዚህ አስፈቅጄ ርእሱን አጠበብኩት። የማወራችሁ ስለ አንዲት ግማሽ ሰዓት ነው። መስከረም ጠብቶ እናንተ የጎልማሶች ትምህርት አመቻቾችና በጎ ፈቃደኞች ምዝገባ ስትጀምሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ፊታችሁ ይቀመጣሉ። በእጃችሁ እስክሪብቶ አለ። ምን ትጠይቋቸዋላችሁ? እንዴት ትጠይቋቸዋላችሁ? መልሱንስ ምን ታደርጉበታላችሁ?

እንዳትረሱብኝ የምፈልገውን ከአሁኑ ልናገር፤ በየመሐሉም እየደጋገምኩ አሰለቻችኋለሁ። በምዝገባ ቀን የጠየቅነው ነገር በሁለተኛው ሳምንት ሰሌዳ ላይ ካልታየ፣ ባንጠይቅ ይሻል ነበር።

በመጀመሪያ ሰዎች ለምን እውነቱን እንደማይነግሩን እናያለን። ቀጥሎ ቅጹ የማያውቀውን እውቀታቸውን፣ ከዚያ በእርግጥ የሚፈልጉትን፣ በመጨረሻም የነገሩን ወደ ትምህርት እንዴት እንደሚገባ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ጠያቂው ማን ነው?

እናንተ ራሳችሁን በጎ ፈቃደኛ አድርጋችሁ ታያላችሁ። ከፊታችሁ የተቀመጡት ሰው የሚያዩት ግን ወረቀት የያዘ ሰው ነው። በዚህ አገር ደግሞ ወረቀት የያዘ ሰው ታሪክ አለው። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጋ ተማሪና አስተማሪ ወደ ገጠር ሲዘምት ወረቀት ይዞ ነበር። በ1971 ዓ.ም. ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲታወጅም ቤት ለቤት የተዞረው በወረቀት ነው። ያ ዘመቻ ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ ማስተማሪያው እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ተዘጋጅቷል፣ በማግሥቱ ዓመትም በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። ይሁን እንጂ ከትምህርት የቀረ ሰው ለምን ቀረህ ተብሎ በቀበሌ ይጠየቅ እንደነበር ዕድሜያቸው የፈቀደ ወላጆቻችሁ ይነግሯችኋል። ከዚያ ወዲህም ግብር የሚያስከፍለው፣ መሬት የሚለካው፣ ሴፍቲኔት የሚመዘግበው ሁሉ ወረቀት ይዞ ነው የመጣው።

እንግዲህ «ስንት ልጅ አለዎት? ስንት ጥማድ ያርሳሉ?» ብላችሁ ስትጀምሩ፣ አባወራው በሆዱ ስሌት ይጀምራል። እርዳታ ከሆነ ልጁ ይበዛል፤ ግብር ከሆነ መሬቱ ያንሳል። ይህን ውሸት የሚሉ አሉ፤ እኔ ጥንቃቄ ነው የምለው። እኛም ብንሆን ለማናውቀው ሰው ደመወዛችንን አንናገርም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ቅጹ ከቦርሳ አይውጣ። መጀመሪያ እነሱ ይጠይቋችሁ። ወሎ ውስጥ ሰው «የማን ልጅ ነህ? አገርህ የት ነው?» ሳይልህ ጨዋታ አይጀመርም። መልሱ! የወረባቦ ልጅ ከሆንክ ወረባቦ በል፤ የአባትህን ስም ተናገር፤ እናትህ ፊደል ታውቅ እንደሆነና እንዳልሆነም ተናገር። የሰው ታሪክ ልትወስድ መጥተህ የራስህን ደብቀህ አይሆንም።

አጠራሩንም አደራ። የሃያ ዓመት ወጣት የስድሳ ዓመት ሴትዮን «ስምሽ ማን ነው?» ሲል ሰምቼ አውቃለሁ። እቤቱ ቢሆን እናቱ በጥፊ ታነቃው ነበር። እትዬ፣ እማማ፣ ጋሼ፣ አባባ፣ ሼሁ፣ ሐጂ፣ መሪጌታ እያላችሁ፣ አንቱ እያላችሁ ጠይቁ። ተማሪ ሆነው መምጣታቸው ታላቅነታቸውን አልሰረዘውም። ሰልፍ ላይ አቁማችሁ፣ ከኋላ ሌላው ጆሮውን ቀስሮ፣ «ማንበብ ይችላሉ ወይስ አይችሉም?» አትበሉ። ባልና ሚስት አብረው ከመጡም ለየብቻ ተጫወቱ። ሚስት ባሏ አጠገብ ሆና የምትመልሰው የባሏን መልስ ነው።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ።

የመመዝገቢያ ቅጻችን ላይ «የትምህርት ደረጃ» የሚል ዓምድ አለ። ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው እዚያ ላይ «ያልተማረ» ተብሎ ይጻፋል። ባለፈው ጊዜ አንድ መዝገብ አገላብጬ ሳይ ከላይ እስከ ታች ያልተማረ፣ ያልተማረ፣ ያልተማረ ይላል። ከዚያ ሰዎቹን አገኘኋቸው።

አንደኛው ሽማግሌ «ተምረው ያውቃሉ?» ሲባሉ «አይ ልጄ፣ እኔ ምን ተምሬ!» ብለው ነበር። ለካ በልጅነታቸው ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው፣ አቡጊዳውን ወጥተው፣ ዳዊት ደግመዋል። ዛሬም ጠዋት ጠዋት ዳዊታቸውን ይዘው ይቆማሉ። ፊደሉን ሁሉ ለቅመው ያውቁታል። የአማርኛ ደብዳቤ ስትሰጧቸው ግን ይንገዳገዳሉ፤ መጻፍ ደግሞ ጭራሽ አልሞከሩም። የቄስ ትምህርት ቤት ማንበብን እንጂ መጻፍን ለሁሉም ተማሪ አያስተምርም ነበርና። እሳቸውን ከሀ ሁ ማስጀመር ምን ይባላል?

ሁለተኛው ሼህ ናቸው። ቁርአን ቀርተዋል። ዐረብኛ ፊደል ያነባሉ፣ ይጽፋሉ። የአማርኛ መንዙማ እንኳ በዐረብኛ ፊደል በአጀሚ ጽፈው ያስቀመጡት ደብተር አላቸው። ይህ በወሎ ምድር የቆየ ጥበብ ነው። እጃቸው ግን ከቀኝ ወደ ግራ ለምዷል፤ ደብተሩንም የሚከፍቱት በእኛ መጨረሻ በኩል ነው። ለሳቸው የሚከብደው ድምፅን በምልክት መጻፍ የሚባለው ነገር አይደለም፤ እሱን ከብዙዎቻችን በላይ ያውቁታል። የሚከብዳቸው አቅጣጫውና አዲሱ ቅርጽ ነው። ፈጣን ተማሪ ይሆናሉ፤ ግን ማን ጠየቃቸው?

ሦስተኛዋ እናት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ተመርቀዋል። የምስክር ወረቀታቸው በፌስታል ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ አለ። ከዚያ ወዲህ የሚነበብ ነገር እጃቸው አልገባም፤ ፊደሉም ጠፋ። አፍረው ነው ያልተናገሩት፤ «ተምሬ ረሳሁ ከማለት አልተማርኩም ማለት ይቀላል» አሉኝ። እነዚህ ሦስት ሰዎች በመዝገቡ ላይ አንድ ናቸው። በክፍል ውስጥ ግን አንድ ዓይነት ትምህርት ከሰጠናቸው አንደኛው ይሰለቻል፣ ሁለተኛው ግራ ይጋባል፣ ሦስተኛዋ ደግሞ በድጋሚ መውደቄ ነው ብላ ትቀራለች።

የገበያዋን ሴትዮ ሒሳብ አላነሳሁም። በርበሬ በሚዛን የምትሸጥ ሴት ለሩብ ኪሎና ለግማሽ ሩብ ዋጋውን በቃሏ አውጥታ መልስ ስትሰጥ እናንተ ገና ስልካችሁን ከኪስ እያወጣችሁ ነው። ዕድር የከፈለውንና ያልከፈለውን በቃሉ የሚያውቅ ሰብሳቢ አለ። የድርና የማጉን ቁጥር ሳያዛንፍ ጥለት የሚያወጣ ሸማኔ አለ። እነዚህ ሰዎች ዘንድ «ቁጥር አያውቁም» ብላችሁ 1፣ 2፣ 3 ይዛችሁ አትሂዱ። የሚጎድላቸው ያወጡትን ሒሳብ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው።

እንዴት እንወቅ ትሉኝ ይሆናል። ፈተና አትስጡ። በመጀመሪያው ቀን የፊደል ገበታ ዘርግታችሁ «ይቺ ማን ናት?» አትበሉ። ጠረጴዛው ላይ ከቤት የምታውቋቸውን ነገሮች ዘርጉ፤ የሳሙና መጠቅለያ፣ የመድኃኒት ፓኬት፣ የተለያየ የብር ኖት፣ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ፣ የልጅ ደብተር፣ አንድ ስልክ። «ከነዚህ የሚያውቁትን ያንሱልኝ» በሉ። ሳሙናውን በቀለሙ ነው የለዩት ወይስ በጽሑፉ? ቀን መቁጠሪያው ላይ 12ን ጠቁመው «ሚካኤል» ካሉ ቁጥሩን አንብበዋል ማለት ነው። ስልኩ ላይ የልጃቸውን ቁጥር በምን ያገኙታል? አንዳንዶቹ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች ያውቃሉ፤ አንዳንዶቹ በስሙ ፋንታ ኮከብ ወይም ፎቶ አስደርገዋል። ይህ ሁሉ ንባብ ነው፤ ወይም የንባብ ጎረቤት ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር፤ ዓይናቸውን ጠይቁ። ከአርባ ዓመት ወዲህ የአብዛኞቻችን ዓይን የቅርብ ነገር ማየት ይደክመዋል። ደቃቅ ጽሑፍ ስትሰጧቸው እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቱን ካራቁት፣ ችግሩ ከፊደሉ ሳይሆን ከመነጽሩ ነው። «አልገባ አለኝ» ብለው ትምህርቱን ከሚተዉት ውስጥ እኮ ስንቱ ሳይታየው ነው የተወው! ለዚህ የሚሆን መስመር በቅጹ ላይ የለም። እናንተ ጨምሩበት።

ሦስተኛው ነገር፤ ምን ይፈልጋሉ?

«ለምን መማር ፈለጉ?» ብላችሁ በቀጥታ ብትጠይቁ የምታገኙትን መልስ አሁን ልንገራችሁ፤ «ከጨለማ ለመውጣት።» «ዓይኔ እንዲበራ።» «መንግሥት ተማሩ ስላለ።» ይህ የድምፅ ማጉያ መልስ ነው። ለናንተ አክብሮት ሲሉ የሚሰጧችሁ ነው። ተቀበሉት፤ አመስግኑ፤ ግን እሱን ጽፋችሁ አትነሱ።

በብዙ ምዝገባ ላይ ተቀምጬ ካየኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሰውን አፍ የሚከፍተው አንድ ነው፤ «ባለፈው ሳምንት ማን አነበበልዎት? ምኑን?»

ይህን ስትጠይቁ ነገሩ ከሰማይ ወደ ምድር ይወርዳል። አንዲት እናት ሳቁና «የልጄን ካርድ» አሉኝ። ልጁ ካርዱን ሲያሳያቸው አራተኛ ወጣሁ ይላቸዋል። ቁጥር ያውቃሉና ዓይተው አራትን አገኙ፤ መርቀው ሳሙት። በኋላ ጎረቤት ሲያነበው ለካ ሠላሳ አራተኛ ነው፤ ሦስቷን በአውራ ጣቱ ሸፍኗት ነበር። «ሁለተኛ አያታልለኝም» አሉ። እኚህ እናት የሚፈልጉት ትምህርት ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ቅጽ አይገኝም። የካርዱን የትምህርት ዓይነት ስም፣ ውጤት፣ ደረጃ፣ የመምህሩን አስተያየት ማንበብ ይፈልጋሉ።

ባላቸው የሞተባቸው ሌላ ሴት የመሬት ይዞታ ደብተር አምጥተው አሳዩኝ። ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ ይሰፍራል። ፎቶው የራሳቸው እንደሆነ ያውቃሉ። ስማቸው በትክክል መጻፉን ግን አያውቁም፤ የባላቸው ወንድም «የለሽበትም» ይላቸዋል። ማስነበብ ይችሉ ነበር። ግን ለማን? በቀዬው ማንበብ የሚችለው እሱው ነው። ይህች ሴት የምትማረው የራሷን ስም ለመጻፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ተጽፎ ስታየው ለማወቅ ነው።

ከደቡብ ወሎና ከከሚሴ ወደ ሳዑዲ የሄደ ልጅ የሌለው ሰፈር እስቲ ጥሩልኝ። ልጃቸው ጅዳ ያለች እናት ምን እንዳሉኝ ስሙ፤ «ብር ስትልክልኝ ስልኬ ይጮሃል። ለባለሱቁ ልጅ አሳየዋለሁ። ስንት እንደተላከልኝ እሱ ከእኔ በፊት ያውቃል፤ ማታውን ሰፈሩ ያውቃል፤ በነጋታው ተበዳሪ ደጄ ይቆማል።» እኔም ጠየቅኋቸው፤ ልጅዎ ድምፅ ትልክልዎት የለ፣ ፊደሉ ምን ያደርግልዎታል? ይህን ጥያቄ እናንተም መጠየቅ አለባችሁ፤ በድምፅ መልእክት ዘመን ለብዙ ነገር ፊደል ላያስፈልግ ይችላልና። መልሳቸው እንዲህ ነበር፤ «ናፍቆቷን በድምፅ እሰማለሁ። ብሩን ግን ብቻዬን ማየት እፈልጋለሁ።»

አያችሁ? ግባቸው «ማንበብና መጻፍ መቻል» አይደለም። ግባቸው የባንክ መልእክት ውስጥ የገባውን ገንዘብና የቀረውን ሒሳብ ለይተው ማወቅ ነው። መልእክቱ በእንግሊዝኛ ቢመጣ እንኳ ቁጥሩ ቁጥር ነው፤ የት እንደሚቀመጥ ማስተማር ይቻላል። የሦስት ሳምንት ትምህርት ነው። ሦስት ሳምንት ሰጥታችሁ ያንን ብታሳዩዋቸው ከሁለት ዓመቱ ፕሮግራም በቀረው ጊዜ ከክፍል አይቀሩም።

ወጣቶች አመቻቾች የሚያፍሩበት አንድ ግብ አለ፤ እሱን ሳልናገር አላልፍም። «ዳዊት መድገም እፈልጋለሁ፣ ውዳሴ ማርያም በራሴ ማድረስ እፈልጋለሁ» የሚሉ አሉ። ፕሮግራማችን «ተግባር ተኮር» ይባላልና፣ ይሄ ተግባር አይደለም ተብሎ ሳይጻፍ ይቀራል፤ በምትኩ «የግብርና ምርታማነትን ለማሳደግ» ተብሎ ይጻፋል። እኔ አልስማማም። ሴትዮዋ በየቀኑ ንጋት ላይ የምትጠቀምበት ንባብ ካልሆነ ተግባር የምንለው ምኑ ነው? ምርታማነቱን እኮ እሷ አልጠየቀችም፤ እኛ ነን የጻፍንላት። ሰው የተናገረውን ጻፉ።

የቋንቋውንም ነገር ጠይቁ እንጂ አትገምቱ። ከከሚሴ መጥቶ ደሴ የሚነግድ ሰው በቤቱ ኦሮምኛ ይናገራል፤ ልጁ በቁቤ ይማራል። እሱ ደግሞ ደረሰኝ በአማርኛ መጻፍ ይፈልግ ይሆናል፤ ወይም የልጁን ደብተር ማንበብ። የትኛውን እንደሚያስቀድም የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነው።

ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም ዘንድ ይኸው ጉዳይ አለ። በዋሽንግተን አካባቢ እንግሊዝኛ ለመማር የሚመዘገቡ እናቶች «ግብዎ ምንድን ነው?» ሲባሉ ብዙ ጊዜ «ሲትዝንሺፕ» ይላሉ፤ የሚያስተረጉምላቸው የገዛ ልጃቸው ነው። ሲጠየቁ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ50 አልፎ በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖሩ፣ ወይም ከ55 አልፎ 15 ዓመት የኖሩ ሆነው ይገኛሉ፤ ሕጉ ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ ያደርጋቸዋል፣ የታሪኩንና የመንግሥቱን ጥያቄም በአማርኛ መመለስ ይችላሉ። ይህን ከሰሙ በኋላ እውነተኛው ግብ ይወጣል፤ ከልጅ ልጃቸው አስተማሪ ጋር መነጋገር፣ አውቶቡስ መሳፈር፣ ሐኪም ዘንድ ያለ ልጅ መሄድ። አንዲት እናት የሴት ሕመሟን በወንድ ልጇ አፍ ለሐኪም ማስነገር ምን እንደሆነ አስቡት። በልጅ አስተርጓሚ የተሞላ ቅጽ ይህን በፍጹም አያሳይም።

አሁን ወደ መጨረሻው ነጥብ። የነገሩንን ምን እናድርገው?

አብዛኛው መጠይቅ ፋይል ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ሰዎቹ የሕይወታቸውን ምስጢር አውጥተው ነገሩን፤ እኛ በማግሥቱ ሁሉንም አንድ ላይ አስቀምጠን «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» አልናቸው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር! በምዝገባ ቀን የጠየቅነው ነገር በሁለተኛው ሳምንት ሰሌዳ ላይ ካልታየ፣ ባንጠይቅ ይሻል ነበር።

ይህን አስቀድሞ ከገባቸው ሰዎች አንዱ ብራዚላዊው ፓውሎ ፍሬሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 አንጊኮስ በምትባል ድሃ የሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከተማ ወደ 300 የሚጠጉ ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ትምህርት ማንበብ ለማስተማር ሞከረ። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ 40 ሰዓቱ ነው። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በፊት የሠሩት ሥራ ነው። አስተማሪዎቹ ወደ ሰፈሩ ሄደው ከሰዎቹ ጋር እየተጫወቱ የሚያወሩባቸውን ቃላት ሰበሰቡ። ከዚያ ውስጥ ኑሯቸውን የሚነኩትንና በድምፃቸው ለማስተማር የሚመቹትን ጥቂት ቃላት መርጠው በነሱ አስተማሩ። ለግንበኛው የጡብ ስም ትምህርት ሆነ። በማግሥቱ ዓመት ወታደሮች መንግሥቱን ሲገለብጡ ፍሬሬ ታሰረ፣ ተሰደደም፤ ሰው እየጠየቁ ማስተማር የሚያስፈራቸው ሰዎች እንዳሉ ከዚህ እንረዳለን።

የኛ ፊደል ለዚህ ሥራ እንዴት እንደሚመች ተመልከቱ። ያቺ የበርበሬ ነጋዴ ስታወራ ደጋግማ ያነሳችው ቃል «ብር» ነበር። ብርን ሰሌዳ ላይ ጻፉት። ከሁለት ቤተሰብ ነው የመጣው፤ ከ«በ» እና ከ«ረ»። ሁለቱን ቤተሰብ ዘርጉት፤ 14 ፊደል ነው። ከዚያ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይገጣጥሙ። በር ይወጣል። በሬ ይወጣል። ቢራ ይወጣል፤ ሳቅ ይሆናል። ቡራቡሬ ይወጣል። እና ከወንበሩ መጨረሻ አንዷ ብድግ ብላ «በርበሬ!» ትላለች። በርበሬ በነዚያው በሁለቱ ቤተሰቦች ይጻፋል። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ የሸጠችው ነገር በመጀመሪያው ሳምንት በእጇ ተጻፈ ማለት ነው። ይህን ከገበታው ቅደም ተከተል ጋር አወዳድሩት፤ ከ33ቱ ቤተሰቦች «በ» ላይ እስክንደርስ ስንቱ ተሰናብቷል?

ግን አንድ ተቃውሞ አለ፤ እሱም ከአለቆቻችን ሳይሆን ከተማሪዎቹ ነው የሚመጣው። «እኛ የመጣነው ፊደል ልንቆጥር ነው፤ ይሄ ጨዋታ ነው» ይላሉ። በልጅነታቸው የየኔታን ደጅ በሩቁ ያዩ ሰዎች ናቸው። ትምህርት ማለት ለነሱ ገበታ ፊት ተቀምጦ በዜማ ሀ ሁ ማለት ነው፤ ያ ያመለጣቸው ነገር ነው፤ አሁን ሊያገኙት መጥተዋል። ይህም ግብ ነው! ፍሬሬ አላለም ብላችሁ አትከልክሏቸው። ገበታውን ስቀሉ፤ በየቀኑ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ አብራችሁ ቁጠሩ፤ ቀጥሎ ወደ ቃላቱ ግቡ። ሰው ከነገረን ውስጥ ለኛ ንድፈ ሐሳብ የሚስማማውን ብቻ መርጠን ብንሰማ አልጠየቅነውም ማለት ነው።

ስለ አመዘጋገቡ በአጭሩ ልናገር። ለእያንዳንዱ ሰው በደብተር ላይ ጥቂት መስመር ይበቃል፤ የሚያውቁት፣ ባለፈው ሳምንት ያስነበቡት፣ የሚመቻቸው ሰዓት። የገበያ ቀናቸውን፣ የማኅበርና የዝክር ቀናቸውን፣ ረመዳንና ሁዳዴን ካልጠየቃችሁ ባዶ ክፍል ታስተምራላችሁ። የሰውን ቃል በራሱ አማርኛ ጻፉ። ሳታስፈቅዱ በስልክ አትቅረጹ፣ ለሪፖርት ብላችሁ ፎቶ አታንሱ። ያቺ የመሬት ደብተር ያላት ሴት ለምን እንደምትማር የባሏ ወንድም ቢሰማ ምን እንደሚመጣ አስቡ። የደብተሩ ቦታ ቁልፍ ያለው ሳጥን ነው።

ጥያቄውም በምዝገባ ቀን አያልቅም። በሦስት ወር፣ በስድስት ወር ተመልሳችሁ ጠይቁ። ፊርማውን ለመማር የመጣ ሰው ፊርማውን ካወቀ በኋላ የቀበሌ ማስታወቂያ ማንበብ ሊያምረው ይችላል። ላያምረውም ይችላል። አንድ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ሲቀበል በአውራ ጣቱ መፈረም አሳፍሮት መጣ፤ ስሙን መጻፍና የደመወዝ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ቻለ፤ ከዚያ ቀረ። ሪፖርቱ ላይ «አቋራጭ» ተብሎ ተቆጠረ። ፕሮግራሙ የሁለት ዓመት ነው፤ እሱ ያልጨረሰ ሰው ነው። መንገድ ላይ ሳገኘው ግን አላፈረም፤ «የመጣሁበትን አገኘሁ» አለኝ። የመጣበትን ጠይቆ የጻፈ ሰው ስላልነበረ መዝገቡ እንደ ውድቀት ቆጠረው። በሌላ በኩል ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳትቀር ተምራ፣ ተመርቃ፣ የመጣችበትን የመድኃኒት ወረቀት ዛሬም ለጎረቤት የምታስነብብ አለች። እሷ «ያጠናቀቀች» ናት። የትኛው ነው የተሳካልን? ከምዝገባ ደብተራችሁ በስተቀር ይህን የሚመልስ ሰነድ የለም።

አዘጋጆቹ ከንግግሩ በኋላ ሰላሳ ደቂቃ ለልምምድ ሰጥተውናል። አጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር ሁለት ሁለት ሁኑ፤ ወጣት ከትልቅ ሰው ጋር ቢሆን እመርጣለሁ። እናንተ ሁላችሁ ታነባላችሁና ጥያቄውን ትንሽ ልቀይርላችሁ፤ «ባለፈው ወር የሌላ ሰው እገዛ የፈለጉበት ወረቀት የትኛው ነው? ማን ረዳዎት? ምኑን ሊያሳዩት አልፈለጉም ነበር?» የግብር ቅጽ ይሁን፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የላቦራቶሪ ውጤት ይሁን፣ የብድር ውል ይሁን። ጠያቂው ለመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች እስክሪብቶ አይንካ። ከዚያ ከሰማው ውስጥ አንዲት ቃል መርጦ ለነገ ትምህርት ሰሌዳ ላይ ምን እንደሚጽፍ ያዘጋጅ። ስትጨርሱ ከየጥንዱ አንዳችሁ ወደዚህ ወጥታችሁ ቃሏን ብቻ ትጽፉልናላችሁ፤ ታሪኩን አይደለም። ጠመኔው እዚህ አለ። ከፊተኛው ረድፍ እንጀምር።